የደርግን ዘመን ለማወቅ ልብ ወለድ ይቅደም ወይስ የሕይወት ማስታወሻ?

ሁለቱም ተከራካሪዎች የታሪክ ወይም የሥነ ጽሑፍ ባለሙያዎች አይደሉም፤ መጽሐፍ እየገዙና እየተዋዋሱ የሚያነቡ ወዳጆች ናቸው። ያንን ዘመን በዓይኑ ያላየ ወጣት ከየትኛው መጽሐፍ ይጀምር በሚለው ግን ተስማምተው አያውቁም።

ልብ ወለድ ይቅደም

ደርግ ኤርትራ ውስጥ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ያካሄደው በ1974 ነው። በዓሉ ግርማ ኦሮማይን አሳትሞ አንባቢ እጅ ያደረሰው በ1975 ነው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ልብ እንበል። ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ ቀርቷል፤ መንግሥት ይህን በአደባባይ አላመነም፤ ዘመቻውን ያዘዙት ሰዎች ሁሉ ወንበራቸው ላይ ናቸው። በዓሉ ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሥልጣን ነበረው፤ አስመራ ሆኖም ሁሉን አይቷል። ዝም ቢል ለምን ዝም አልክ የሚለው አልነበረም። እሱ ግን ጻፈው። መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቀመ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

በዚህ ዋጋ የተጻፈን መጽሐፍ ፈጠራ ነው ብሎ ከማስታወሻ በታች ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ትግላችንን ያወጡት በ2004 ነው፤ ባልደረባቸው ፍቅረሥላሴ ወግደረስ እኛና አብዮቱን በ2006። ሥልጣኑ ካለፈ ሃያ ዓመት ከተቆጠረ በኋላ ማለት ነው። ሁለቱንም በጥሞና አንብቤያለሁ፤ የማላውቀውን ብዙ ነገር ነግረውኛል። ነገር ግን ገጽ በገለጥኩ ቁጥር የማገኘው ስብሰባ ነው። ማን ምን ሐሳብ አቀረበ፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ከማን ጋር ወገነ። ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ላይ ሲደርሱ ውሳኔው የሌላ ሰው ይሆናል፤ እዚያ ምዕራፍ ላይ የመጽሐፉ ባለቤት ከክፍሉ ወጥቶ ይሄዳል።

ኦሮማይ ውስጥ ግን ማንም አይወጣም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለማርያም የፕሮፓጋንዳ ሰው ነው፤ ዘመቻውን ለሕዝብ አሳምሮ ማቅረብ ሥራው ነው። እንጀራው በዚያ ላይ ነው። እጮኛው አዲስ አበባ ትጠብቀዋለች፣ እሱ አስመራ ላይ በፊያሜታ ፍቅር ተይዟል፤ በዚያው መካከል የሚያወራውና የሚያየው እየተራራቁበት ይሄዳል። አንባቢውም አብሮት ይታመማል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሆኖ ማመንና መጠራጠር አንድ ላይ እንዴት እንደሚኖሩ ያወቅሁት ከዚህ መጽሐፍ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን የማያውቅ ደግሞ አብዮቱ ለምን እንደፈነዳ አይገባውም። ለዚህም የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር አለልን። በ1958 ሲታተም የገጠር መሬት አዋጅ ሊታወጅ ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀረው ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮቹን ሊቀጡ ዘምተው አበጀ በለው በሚመራቸው ባላገሮች እጅ ሲወድቁ ያነበበ ሰው የየካቲት 1967 አዋጅ ድንገት አይሆንበትም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩት እናትና አባቶቻችን ሳይቀሩ ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤታቸው አወቁት። የትኛው ማስታወሻ እዚህ ደርሷል?

ማስታወሻ ይቅደም

ጋሼ ስለ በዓሉ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ኦሮማይን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን እስካሁን ያስረዱኝ የደራሲውን ድፍረት ነው። የደራሲ ድፍረትና የመጽሐፍ ማስረጃነት ለየቅል ናቸው።

ኦሮማይን ያነበበ ሰው ቀድሞ የሚሠራውን እናውቃለን፤ ይኼ ባለሥልጣን እገሌ ነው፣ ያቺ ሴት እገሊት ናት እያለ ይገምታል። ግምቱ ትክክል ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል? ልብ ወለድ ጸሐፊ ስም ይቀይራል፣ ሁለት ሰው ወስዶ አንድ ያደርጋል፣ ያልተባለውን ያናግራል። መብቱ ነው። ማስታወሻ ጸሐፊ ግን ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ይፈርማል። ከዋሸ የምይዘው ጭራ አለ።

የደርግ ሰዎች ራሳቸውን ነፃ ለማውጣት ጽፈዋል ይላሉ ጋሼ። ይሁን። የኮሎኔል መንግሥቱን፣ የፍቅረሥላሴ ወግደረስንና የፍስሐ ደስታን መጻሕፍት ግን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነብ አንዱ የሸፈነውን ሌላው ይገልጠዋል። ሦስቱም በአንድ መንግሥት ውስጥ አብረው የሠሩ ናቸው። የሚስማሙበትን እይዛለሁ፤ የሚጣሉበት ላይ ደግሞ እርሳስ አንስቼ ኅዳጉ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ የዘመኑ ቁስል ያለው እዚያ ነውና። አንድ ሰው ለምን በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ እንደተሽኮረመመ መጠየቅ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ሁሉን ገጸ ባሕርይ የሚያናግረው አንድ ሰው ስለሆነ ይህ አይገኝም።

ደግሞስ ማስታወሻ የጻፉት ባለሥልጣናት ብቻ ናቸው ያለው ማነው? የሕይወት ተፈራን ማማ በሰማይ እናንሳ። ሕይወት ደርግን ይቃወም የነበረው የኢሕአፓ አባል ነበረች። የምትወደው ጌታቸው ማሩ ከድርጅቱ አመራር አንዱ ነበር። የከተማውን የትጥቅ ትግል በመቃወሙ ከጓዶቹ ጋር ተለያየ፤ የገዛ ድርጅቱ አስሮ ገደለው። እሷ ደግሞ በደርግ እጅ ወድቃ ዓመታት ታሰረች። አንዲት ወጣት የምታምንበት ድርጅት የምትወደውን ሰው ገድሎባታል፤ ድርጅቱን የሚያድነው መንግሥት ደግሞ እሷን አስሯታል። ይህን ልብ ወለድ ጸሐፊ ፈጥሮ ቢያመጣው አጋነነው ብለን መጽሐፉን እንዘጋው ነበር። ሕይወት ስትነግረን ግን የምንሸሽበት የለንም፤ ጌታቸው ማሩ የነበረ ሰው ነው።

መጽሐፉን ከሁሉ አስበልጬ የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በደርግ ሰዎች ማስታወሻ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ጠላት ወይም ደጋፊ ነው። እዚህ ግን የምንቀርባቸው ልጆች በክርክር የሚያመሹ፣ የሚፋቀሩ፣ የሚፈሩ ናቸው። ጋሼ ማመንና መጠራጠር አብረው እንዴት እንደሚኖሩ ያወቅሁት ከልብ ወለድ ነው ይላሉ፤ እኔ ያንኑ ያገኘሁት በእውነት ከደረሰባት ሰው ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁም ቢሆኑ ስለ ጣልያን ጦርነትና በጣልያን አገር ስላሳለፉት ግዞት በራሳቸው ስም የጻፉት መጽሐፍ አለ፤ ትዝታ ይባላል። ፍቅር እስከ መቃብርን ደጋግሞ ያነበበ ሁሉ ይህን አለማንበቡ ያሳዝነኛል።

የልብ ወለድ ወገን መልስ

እህቴ፣ ሦስት ወፍራም ማስታወሻ ዘርግተሽ እርሳስ ይዘሽ ታነቢያለሽ። እግዜር ይስጥሽ፤ ሁሉ እንዳንቺ ቢያነብ ምን በወደድን። ጥያቄያችን ግን ስለ ጀማሪ አንባቢ ነው። በዛሬ የመጽሐፍ ዋጋ ሦስቱን የሚገዛ ወጣት ስንት አለ? አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ ከሆነና ያም ከሦስቱ የአንዱ ከሆነ፣ የአንድ ወገን ክስ ሰምቶ ፍርድ ሰጠ ማለት ነው። ኦሮማይ ግን ለብቻው ይበቃል።

ማማ በሰማይን ስታነሺ ልቤ ተነክቷል፤ አልክድም። ግን ሕይወት የጻፈችው ከእስር ስለወጣችና የተማረች ስለሆነች ነው። ናቅፋ ላይ የቀረው የገበሬ ልጅ ምን ብሎ ይጻፍ? እናቱስ? ማስታወሻ የተረፈና መጻፍ የሚችል ሰው ሀብት ነው። ለቀሩት የሚጮህላቸው ልብ ወለድ ብቻ ነው፤ እኔ ደራሲን የማከብረው ለዚህ ነው። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 አደፍርስን ሲጽፍ ቋንቋው ከበደን፣ ብዙዎቻችን ከመካከሉ ተመለስን፤ ነገር ግን የተማረው ወጣት የገዛ አገሩን ሰው ማነጋገር እንዳቃተው ያን ጊዜ የነገረን ሌላ ማን አለ? አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 የሆነውን ሳስብ ወደዚያ መጽሐፍ እመለሳለሁ።

የማስታወሻ ወገን መልስ

የሞቱትን በተመለከተ ጋሼ ያሉት ከባድ ነው፤ እኔም አስቤበታለሁ። ነገር ግን አበጀ በለው ሲናገር የሚናገረው ማነው? ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ኦሮማይ ውስጥ ያለውን ወታደር ያናገረውም የሚኒስቴር ባለሥልጣን ነው። በልብ ወለድም ቢሆን ገበሬውና ወታደሩ በራሳቸው አፍ አልተናገሩም፤ የተማረ ሰው፣ ደግሞም ባለሥልጣን፣ በእነሱ ስም ተናገረ። ሁለቱም ደራሲዎች ቅኖች ነበሩ፤ አስተዛዝነው ጻፉላቸው። ማስረጃ ስንፈልግ ግን ቅንነት ብቻውን አያደርሰንም። የዝምተኞቹን ድምፅ የምንፈልግ ከሆነ የተረፉት ወታደሮች ሳያልፉ እንዲጽፉ፣ መጻፍ የማይችሉትም ድምፃቸው ተቀድቶ እንዲጻፍላቸው መወትወት አለብን። በእያንዳንዱ ቀበሌ በሕይወት ያሉ አሉ፤ በየዓመቱም እየቀነሱ ነው።

የዋጋው ነገር ከሆነ ለጀማሪው አንድ መጽሐፍ ብቻ ስጪው ቢሉኝ ትግላችንንም እኛና አብዮቱንም አልሰጠውም። ማማ በሰማይን እሰጠዋለሁ። የሃያ ዓመት ልጅ አንብቦ ሲጨርስ የሚጠይቀውን አውቃለሁ፤ ይህ በእውነት ሆኗል ወይ ይላል። ኦሮማይን ከሰጠሁት ከፊሉ አዎ፣ ከፊሉ እንጃ ልለው ነው። በማማ በሰማይ ግን አዎ ብዬ፣ ስም ጠርቼ እመልስለታለሁ። ኦሮማይን ከዚያ በኋላ ያንብበው፤ ያን ጊዜ በዓሉ ምን እንደደፈረ የበለጠ ይገባዋል።