የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ እጅም ያመልካል



የዚህ እትም ጉዳይ የክርስቲያን ሠዓሊ፣ ቀራጺና ዘማሪ ሥራ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31ን የከፈተ ሰው እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ እንደ ሞላው ያነባል፤ የተሞላውም በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ፣ ድንጋይና እንጨት እንዲጠርብ ነው። ሰባኪ አልነበረም፤ የእጅ ባለሙያ ነበር። በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ቁልቁል የሚያዩንን ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች የሣሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው።

አሁን ለምን ብትሉ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከውጭ የመጣ የታተመ ሥዕል ሲለጠፍ፣ የአገሩ ሠዓሊ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ስላየን ነው። (የታተመው ርካሽ መሆኑን አንክድም።) መዝሙሩም ቢሆን መኮራረጅ በዝቶበታል። ለፈጣሪ የምናቀርበው ነገር ከሌላው የተረፈ ሊሆን አይገባም፤ ቀለሙም፣ ግጥሙም፣ ዜማውም ሊደከምበት ይገባል።

በገጾቻችን ባለሙያዎች ጸሎትንና ሥራን እንዴት እንደሚያስማሙ፣ አጥቢያዎችም ለድካማቸው ተገቢውን ዋጋ እንዴት እንደሚከፍሉ ታነባላችሁ። ብሩሹን ሰቅሎ የተቀመጠ ካለ፣ ይህን እትም በተለይ ለእሱ አዘጋጅተነዋል።