ቤተ ዘመድ ስለ ልጅ ሲመክር

ይህን እትም ለልጆች ደኅንነት ለሚመክር የቤተ ዘመድ ጉባኤ ስንሰጥ ዓይናችን ያረፈው ዋግ ኽምራ ዞን ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም የገባው ቃል ኪዳን የዞኑን ዋና ከተማ የሰቆጣን ስም ይዟል። በኋላ ደግሞ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች በጦርነት የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ሰቆጣ ገብተዋል።

ወላጅ ሲሞት ወይም ሲሰደድ ልጁን ማን ያሳድግ? ማሳውን ማን ይረስ? አያት፣ አጎትና አክስት ተቀምጠው ሲመክሩበት የኖረ ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለቤተ ዘመድ ጉባኤ ቦታ ሰጥቶ ነበር። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ሕግ የማኦሪዎችን ልማድ መነሻ አድርጋ ይህንኑ መንገድ አሠራር አደረገችው፦ ባለሙያው መረጃውን ሰጥቶ ይወጣል፣ ዘመድ ለብቻው ይመክራል፣ የልጁን እቅድ ይዞ ይቀርባል። እኔ ከሁሉ የምወደው ባለሙያው የሚወጣበትን ሰዓት ነው፤ ቤተሰብ በእንግዳ ፊት የማያወጣው ብዙ ነገር አለና።

ሆኖም ዘመድ ሁሉ ለልጅ አያዝንም። ሕጉ 18 ዓመት ቢልም ያለዕድሜ ጋብቻ የሚቆረጠው በዘመድ ምክር ነው። የሙት ልጅ መሬትም በአሳዳጊ እጅ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ልጅቷ ራሷ ትደመጥ፣ የእናቷም ወገን ይጠራ፣ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ እቅዱ መፈጸሙን ይከታተል እንላለን። ዋግ ኽምራ ላይ ደግሞ ጉባኤው በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ ይሁን፤ አያቶች ያለ አስተርጓሚ ይናገሩ።