ለእርሾው ምን እናብላው?

እ.ኤ.አ. በ2007 መንግሥት የባዮነዳጅ ስትራቴጂ ሲያወጣ፣ ጃትሮፋና ጉሎ የተባሉት የዘይት ተክሎች በጠፍ መሬት ላይ በቅለው ናፍጣ ይሰጡናል ተብሎ ነበር። ሰፋፊ መሬት ለባለሀብቶች ተሰጠ፤ የተጠበቀው ናፍጣ ግን አልመጣም። አሁን ደግሞ ሰፊ ማሳ ሳይሆን ጋን ብቻ የሚፈልግ ዘይት አምራች እየተወራለት ነው፦ እርሾ። ተስፋው እውነተኛ ነው ብዬ አምናለሁ። የጃትሮፋው ችኮላ እንዳይደገም የምሟገተውም ስለማምንበት ነው።

ዳቦ የምናቦካበት እርሾ የሚያጠራቅመው ዘይት ጥቂት ነው። ያሮዊያ ሊፖሊቲካን የመሳሰሉ ዝርያዎች ግን ከደረቅ ክብደታቸው ከ20 በመቶ በላይ ዘይት ይይዛሉ። ምሥጢሩ ያለው አመጋገባቸው ላይ ነው። ስኳር እንደ ልብ ቀርቦላቸው ናይትሮጅን ሲያጥራቸው ፕሮቲን ሠርተው መራባት ያቅታቸዋል፤ የተረፋቸውን ስኳር ወደ ስብ ይለውጡና ታስሮ እንደሚቀለብ ሰንጋ ይሰባሉ። በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሃል አልፐር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 የያሮዊያን ዘረመል ቀይሮ ከደረቅ ክብደቱ 90 በመቶ የሚጠጋው ዘይት የሆነ እርሾ አሳይቷል። ዘይቱ ከሜታኖል ጋር ሲዋሃድ በናፍጣ ሞተር የሚነድ ባዮዲዝል ይሆናል።

ይህ ለእኛ አገር ለምን እንደሚያጓጓ ግልጽ ነው። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ያወጣው ኤታኖል እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች የሚጠጡት ናፍጣ ነው፤ ኤታኖሉ ለእነሱ አይደርስም። የእርሾ ዘይት ሊደርስላቸው ይችላል።

ሒሳቡ ግን ያስቸግራል። በኬሚስትሪው ሕግ ከ100 ኪሎ ግሉኮስ ሊወጣ የሚችለው ዘይት ቢበዛ 32 ኪሎ ገደማ ነው። በተግባር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ከተገኘ ጥሩ ውጤት ይባላል። በዚህ ላይ የኤሌክትሪኩን ወጪ ጨምሩበት፤ ኤታኖል የሚሠራው እርሾ ያለ አየር ሲያፈላ፣ ዘይት የሚሠራው ግን አየር ሳያቋርጥ ሊነፋለት ይገባል። በመጨረሻም ዘይቱ የሚገኘው ሴሉ ውስጥ ስለሆነ የሴሉን ግድግዳ ሰብሮ ማውጣት ያስፈልጋል። ለእርሾው ገበያ የሚወጣ ስኳር አብልተን ናፍጣ ብናወጣ ነገሩ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል፤ የምግብ ስኳርም በሞተር ተቃጥሎ ይቀራል።

ለዚህ ነው ነዳጁ ይቆይ፣ ኬሚካሉ ይቅደም የምለው። ዱፖን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መንገዱን አሳይቷል። የያሮዊያን ዘረመል ቀይሮ ከዓሣ ዘይት የሚገኘውን ኢፒኤ የተባለ ኦሜጋ-3 እንዲያመርት አደረገው፤ ከእርሾው የቅባት አሲዶች ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኢፒኤ ነበር። ምርቱ በእንክብል መልክና በቺሊ ለሚረባ ሳልሞን መኖነት ለገበያ ቀርቧል። ያው ያሮዊያ ለለስላሳ መጠጥ የሚውለውን ሲትሪክ አሲድም ይሠራል። ሮዶቶሩላ ቶሩሎይደስ የተባለው ሌላ እርሾ ደግሞ ከዘይቱ ጋር ካሮቲን ይሰጣል። እንዲህ ያሉ ምርቶች በኪሎ የሚያወጡት ዋጋ ከናፍጣ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የማምረቻውን ወጪ ሊሸፍኑ፣ ባለሙያም ሊያሠለጥኑ የሚችሉት እነሱ ናቸው። ነዳጁ በዚያ ልምድ ላይ ሊገነባ ይችላል።

ቀለቡስ? ቀለቡ ዛሬ የምንደፋው ነገር መሆን አለበት። አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓት በውስጡ ባለው የወተት ስኳር ክሪፕቶኮከስ ከርቫተስ የተባለውን እርሾ ያሰባል። ባዮዲዝል ሲሠራ የሚተርፈውን ግሊሰሮልም ያሮዊያ ይበላዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ በጅማና በሲዳማ እሸት ቡና በሚፈለፈልባቸው ጣቢያዎች የሚከመረው የቡና ልጣጭ አለ። ስኳር ስላለው ወደ ወንዝ ሲገባ የውኃውን ኦክስጅን ያሳጣል፤ ዓሣውንም የታችኛውን ተጠቃሚም ይጎዳል። ካፌይኑና ታኒኑ እርሾውን ሊያስቸግሩት ስለሚችሉ ሥራው ቀላል አይሆንም። ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚገባ ጥያቄ ግን እንዲህ ያለው ነው፤ መልሱ ቢያንስ ወንዝ ያጸዳል።

ስለዚህ ገንዘብ የሚመድቡት ክፍሎች ከተመራማሪው ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚያወጣ ከመጠየቃቸው በፊት፣ እርሾውን ምን እንደሚያበላውና ያ ቀለብ ከማን ማዕድ እንደሚመጣ ይጠይቁት። መልሱ ከስኳር አገዳ ማሳ ከሆነ ገንዘቡ ይቆይ። ከቡና ልጣጭ፣ ከአጓት ወይም ከሌላ ተረፈ ምርት ከሆነ ግን ላቦራቶሪ ይሰጠው፤ ውጤት ለማምጣትም በቂ ዓመታት ይታገሡት።