ግድግዳ ጆሮ ካለው አየሩስ?

ጎበዝ፣ እንነጋገር! መቱ ወይም ጎሬ በረንዳው ላይ ሆኖ በአሮጌ ኮርድለስ ስልክ የሚያወራ ሰው ምስጢሩን በአየር እየበተነ ነው። ስልኩ ሬዲዮ ነዋ! ከ46 እስከ 49 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን አናሎግ ስልክ፣ ስካነር ያለው ጎረቤት ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። «የእኔ ዲጂታል ነው» ማለትም ብቻውን አያድንም፤ ዴክት የተባለውም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጠለፍ ታይቷል።

«እኛን ማን ሊሰማ?» እንላለን። የቡና ነጋዴው ነገ የሚሰጠውን ዋጋ ተፎካካሪው ዛሬ ቢሰማስ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የስልክ ግንኙነታችን አይደፈርም ይላል። እሰየው! አንቀጽ ግን ሞገድ አያግድም። ስለዚህ ሻጮች፣ ዕቃው አናሎግ ይሁን ዲጂታል፣ ምስጠራ ይኑረው አይኑረው ሳትደብቁ ንገሩን። እስከዚያው ምስጢር ያለን ባለገመዱን እናንሳ።