ከቁጥሩ በፊት መነሻው

ወደ ቆቦና ወደ ራያ ቆላ ለመስክ ትምህርት ወጥተው የነበሩ ጓደኞቻችን ተመልሰዋል። ነገር ግን ይዘዋቸው ከመጡት ደብተሮች ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ስናነብ አንድ የሚያሳስብ ነገር አገኘን። አንድ የውሃ ጉድጓድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተለክቶ፣ ውሃው በአንደኛው ደብተር ከሌላው በግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ ተጽፏል። ውሃው ወርዶ ነውን? አይደለም። አንዱ ቡድን መለካት የጀመረው ከቧንቧው አፍ ነው፤ ሌላው ከመሬቱ። ቧንቧው ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ነውና ልዩነቱ የውሃው ሳይሆን የእኛው ነው።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ዝናቡ የሚታመን አይደለም። ገበሬው ማሽላውንና ጤፉን የሚያበቅለው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ፣ ኋላም ከጉድጓድ በሞተር በሚሳብ ውሃ እየተረዳ ነው። ስለዚህ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም የሚለው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነው። መልሱም የሚገኘው ለብዙ ዓመታት ከአንድ መነሻ በተለካ ቁጥር ብቻ ነው። መነሻው በየጊዜው ከተለዋወጠ ያልወረደው ወረደ፣ የወረደውም አልወረደም ይባላል።

ይህ ሕግ የጉድጓድ ብቻ አይደለም። የመካኒካል ክፍል ጓደኞቻችን እንደሚያውቁት፣ በማሽን የተቀረጸን ብረት እየነካ የሚለካው ባለ ኮምፒዩተር መሣሪያ ዕቃው እንዴት እንደተቀመጠ በራሱ አያውቅም። አስቀድሞ በሰፊው ገጽ ላይ ሦስት ነጥብ፣ በጎኑ ሁለት፣ በጫፉ አንድ ይነካለታል። ሦስቱ ገጹን፣ ሁለቱ አቅጣጫውን፣ የቀረው አንዱ መነሻውን ይወስናሉ። ገጹ ሻካራ ከሆነ ወይም ነጥቦቹ እጅግ ከተቀራረቡ ግን ፕሮግራሙ ጠማማውን መነሻ እንደ ቀና ተቀብሎ፣ ውጤቱን እስከ ማይክሮን ድረስ አሳምሮ ያትማል። ከነጥብ በኋላ የተደረደረ አኃዝ ብዛት የእውነት ምስክር አይደለም።

በካርታም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በዓባይ ተፋሰስ በተደረገው ቅየሳ ሀገራችን ከሱዳን የልኬት መረብ ጋር ስለተያያዘች፣ የቆዩት ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ የነበረ የኑብያ መንደር ሲሆን፣ የአስዋን ታላቁ ግድብ ሐይቅ ስለሚውጠው ነዋሪዎቹ በ1956 ዓ.ም. ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። መንደሩ ቢሰጥምም ስሙ በካርታዎቻችን ላይ ቀርቷል። በእጅ የሚያዘው ጂ.ፒ.ኤስ. ግን ካልታዘዘ በቀር የሚቆጥረው ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 በተባለው ሌላ መነሻ ነው። የዚህን የሜትር ቁጥር ወስዶ በአሮጌው ካርታ ላይ ምልክት የሚያደርግ ሰው ቦታውን ከ200 ሜትር በላይ ይስተዋል። በራያ ሜዳ 200 ሜትር መሳት የአንዱን ማሳ ትቶ የጎረቤቱን ማሳ መውሰድ ነው። ድንበር የስንቱን ቤት እንዳጣላ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ከእንግዲህ በመስክ ደብተራችን የመጀመሪያ መስመር ላይ ከየት ተነሥተን እንደለካን፣ በምን መሣሪያና በየትኛው ቀን እንደሆነ እንጻፍ። በጉድጓዱ ቧንቧ ላይ የመለኪያውን ቦታ በቀለም ምልክት እናድርግበት፤ ከመሬት ያለውንም ከፍታ እናስፍር፤ የሚመጣው ዓመት ተማሪ ከዚያው ይነሣልና። መምህራኖቻችንንም በትሕትና የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። መነሻው ያልተጻፈበት ቁጥር ምንም ያህል ቢያምር ነጥብ አይሰጠው። እኛም ብንሆን ቅር አንሰኝም።

እህል የሚሸምት ሰው ስንት ቁና እንደሆነ ከመቁጠሩ በፊት ቁናውን ያያል። የተማረ ሰው ከእርሱ ማነስ የለበትም።