«በግዴለሽነት ማሽከርከር» ስንት ማይል ነው?

ቁጥር ያለበት ሕግ ለሁሉም ይቀላል፡፡ ከ50 በላይ ከነዳህ አጥፍተሃል፣ ከ50 በታች ከሆንክ በሰላም ሂድ፡፡ ፖሊሱ መሣሪያውን ያነባል፣ ዳኛው መዝገቡን ይዘጋል፡፡ ጣጣው የሚመጣው ሕጉ ቁጥሩን ትቶ በቅጽል ሲናገር ነው፡፡ «በግዴለሽነት»፣ «በቸልተኝነት»፣ «ከተገቢው በላይ በሆነ ፍጥነት»፡፡ ተገቢውን ማን ይለካዋል? ይህንን የሕግ ሰዎች የቆየ ራስ ምታት ዛሬ የማነሳው ለአዲስ አበባ አንባቢ እንግዳ በሆነ፣ ሚኒሶታ ለሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን ግን ከመስኮታቸው ውጪ በሚጮህ ተሽከርካሪ ምክንያት ነው፤ በስኖውሞቢል፡፡

ላላየው ሰው፣ ስኖውሞቢል ከፊቱ ሁለት የበረዶ መንሸራተቻ ያለው፣ ከሥሩ እንደ ታንክ ሰንሰለት በሚዞር የጎማ ቀበቶ የሚገፋ፣ እንደ ሞተር ብስክሌት ተፈናጠው የሚነዱት ተሽከርካሪ ነው፡፡ ካናዳዊው ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር በበረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ለመሥራት ሲደክም የኖረ መካኒክ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1934 ሕፃን ልጁ ታሞ፣ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሆስፒታል ማድረስ ሳይቻል ሞተበት፡፡ ከ25 ዓመታት በኋላ፣ በ1959፣ ስኪ-ዱ የተባለውን ቀላል ማሽን ለገበያ አቀረበ፡፡ በሚኒሶታ ደግሞ ሮዞ በተባለች ትንሽ ከተማ ፖላሪስ የተባለው ኩባንያ በ1954 ተመሥርቷል፡፡ የችግር ጊዜ መጓጓዣ የነበረው ነገር ዛሬ በአመዛኙ የመዝናኛ ዕቃ ነው፡፡ ሕግ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ሐኪም ቤት የሚሮጥ ሰውና ለደስታው የሚሮጥ ሰው እኩል አይጠነቀቁም፡፡

ሚኒሶታ ውስጥ ከ22 ሺህ ማይል (35 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ የስኖውሞቢል መንገድ አለ፡፡ አብዛኛውን የሚጠርጉትና የሚያስተካክሉት ግዛቱ ድጎማ የሚሰጣቸው የአካባቢ ክለቦች፣ ማለትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፡፡ ብዙው መንገድ የሚያልፈውም በግለሰብ መሬት ላይ፣ በባለመሬቱ ፈቃድ ነው፡፡ አንድ ጎረምሳ ምልክቱን ጥሶ በገበሬው ማሳ ላይ ሲጋልብ የተናደደው ገበሬ ፈቃዱን ይነሳል፤ የሚዘጋው መንገድ ግን የሁሉም ነው፡፡ ስለዚህ የመንገዱ ሕግ ከአደጋ መከላከያነቱ ሌላ የጉርብትና ውልም ነው፡፡

የሚኒሶታ ሕግ ሁለቱንም ዓይነት አነጋገር ይጠቀማል፡፡ በሕዝብ መሬትና ውኃ ላይ ጣሪያው በሰዓት 50 ማይል (80 ኪሎ ሜትር) ነው፡፡ ከ1976 በኋላ የተወለደ የግዛቱ ነዋሪ የደኅንነት ሥልጠና ምስክር ወረቀት ሳይኖረው በሕዝብ መሬት ላይ መንዳት አይችልም፡፡ በሌሊት በአውራ ጎዳና ዳር ባለው ቦይ ውስጥ የሚነዳ ሰው አጠገቡ ካለው የመኪና መስመር ጋር በአንድ አቅጣጫ መሄድ አለበት፡፡ እነዚህ አያከራክሩም፡፡ ከእነሱ ጎን ግን በሁኔታዎች ሲመዘን ከተገቢው በላይ በሆነ ፍጥነት መንዳትን፣ እንዲሁም የሌላውን ሰው አካል ወይም ንብረት ለአደጋ በሚያጋልጥ ግዴለሽነት መንዳትን የሚከለክሉ ድንጋጌዎች አሉ፡፡ የክስ ወረቀት ተቀብሎ «ምን አጠፋሁ?» የሚል ሰው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከኋለኞቹ ነው፡፡

ታዲያ ቅጽሎቹን ሰርዘን ቁጥሮቹን ብቻ ብንተውስ? ቁጥሩም ቢሆን የታመነ አይደለም፡፡ የሚኒሶታ ጎረቤት የሆነችው የካናዳዋ ኦንታሪዮ በስኖውሞቢል መንገዶቿ ላይ ያስቀመጠችው ጣሪያ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው፡፡ አንድ ዓይነት በረዶ ያዩ ሁለት ሕግ አውጪዎች አንዱ 50፣ ሌላው 80 አሉ፡፡ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ስምምነት ነውና፡፡ ደግሞም በሰዓት 50 ማይል የሚጓዝ ማሽን በሰከንድ 22 ሜትር ይምዘገዘጋል፡፡ ነጂው ከፊቱ አንድ ነገር አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ ገና ሳይቀዘቅዝ 33 ሜትር ሄዷል፡፡ በረዶ ላይ መቆሚያው ከዚያ በኋላ ይጀምራል፡፡ በጠራራ ቀን በሰፊ ሐይቅ ላይ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፡፡ በጨለማ፣ ዓሣ አጥማጆች ድንኳን በተከሉበት በረዶ ላይ ግን ነጂው ቁጥሩን አንድም ማይል ሳያልፍ ሰው ሊገድል ይችላል፡፡ ቅጽሉ የተፈለገው ለዚህ ነው፡፡

የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲተረጉም በቁጥር አልገደበውም፡፡ የሚጠይቀው በሁኔታው የሚጠበቀው ጥንቃቄ ተደርጓል ወይ ብሎ ነው፤ ያውም የሰውየውን ዕድሜ፣ የኑሮ ልምድ፣ ትምህርትና ሥራ አይቶ፡፡ የ20 ዓመት ልምድ ካለውና ትናንት መሪ ከጨበጠው ሰው የሚጠበቀው ጥንቃቄ አንድ አይደለም፡፡

ሆኖም ቅጽል ሲበዛ ምን እንደሚከተል የሞንታና ግዛት ታሪክ ያሳያል፡፡ የፌዴራሉ መንግሥት የፍጥነት ጣሪያውን በ1995 መጨረሻ ሲያነሳ፣ ሞንታና ለቀን ጉዞ ቁጥር ወደሌለው አሮጌ ሕጓ ተመለሰች፤ «በአስተዋይነትና በተገቢ ፍጥነት ንዳ» ወደሚለው፡፡ በመጋቢት 1996 አንድ ሰው በሰዓት 85 ማይል ሲነዳ ተያዘ፡፡ ቀን ነው፣ ሰማዩ የጠራ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ መኪናው አዲስ ነው፡፡ የያዘው ፖሊስ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ መሆኑን ጠቅሶ ፍጥነቱ ተገቢ አልነበረም አለ፡፡ ስንት ቢሆን ተገቢ ይሆን እንደነበር ግን መናገር አልቻለም፡፡ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የግዛቱ ዐቃቤ ሕግም አልቻለም፡፡ የሞንታና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1998 ድንጋጌው ግልጽነት የጎደለው ነው ብሎ ሻረው፡፡ ሕግ አስከባሪው ራሱ ወሰኑን ካላወቀው፣ ዜጋው እንዴት ብሎ ይወቀው? በቀጣዩ ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት ቁጥር አስገባ፡፡

የስኖውሞቢሉ የግዴለሽነት ድንጋጌ ይህ ዕጣ ሊደርሰው ይገባል? አይመስለኝም፡፡ የሞንታናው ሕግ የተሻረው ፍጥነትን ብቻ እየቀጣ ልኩን ስላልተናገረ ነው፡፡ የሚኒሶታው የግዴለሽነት ድንጋጌ ግን አንድ መልሕቅ አለው፤ የሌላው ሰው አካል ወይም ንብረት ለአደጋ መጋለጥ አለበት፡፡ ይህ በማስረጃ የሚቆም ፍሬ ነገር ነው፡፡ በእኔ አስተያየት የክሱ ሕይወት ያለው እዚህች ላይ ነው፡፡ የክስ ወረቀቱ «በግዴለሽነት ነድቷል» ብሎ ካለፈ መኮንኑ የጻፈው የራሱን ስሜት ነው፡፡ «ሰዎች ከቆሙበት ድንኳን በአምስት ሜትር ርቀት፣ በጨለማ፣ ፍጥነት ሳይቀንስ አልፏል» ካለ ግን ተከሳሹም ምን እንደሚከላከል ያውቃል፣ ዳኛውም ምን እንደሚመዝን፡፡ ሞተሩ መጮኹ ወይም ነጂው ጎረምሳ መሆኑ አደጋ አይደለም፤ የሚያናድድ ነገር ሁሉ ወንጀል አይሆንም፡፡

ይህን ስል ነገሩን እንዳቃለልኩት አይታይብኝ፡፡ በጥር 2018 ቺሳጎ በተባለው የሚኒሶታ ሐይቅ ላይ፣ ከአባቱ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ የ8 ዓመት ልጅ ሰክሮ በሚያሽከረክር የስኖውሞቢል ነጂ ተገጭቶ ሞተ፡፡ ነጂው ቀድሞም ጠጥቶ በማሽከርከር የተቀጣ፣ የመኪና መንጃ ፈቃዱም የተነጠቀ ሰው ነበር፡፡ ግን ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው በአመዛኙ በበረዶ ላይ ከመንዳት የሚከለክለው አልነበረም! ክፍተቱ የተደፈነው በሕፃኑ ስም በተጠራውና ከነሐሴ 2018 ጀምሮ በጸናው ሕግ ነው፡፡ አሁን በየትኛውም ተሽከርካሪ ጠጥቶ በማሽከርከር ጥፋተኛ የተባለ ሰው መኪናውንም ስኖውሞቢሉንም ያጣል፡፡ የደም አልኮል መጠኑ ለሁለቱም 0.08 ነው፡፡ እዚህ ላይ ቁጥር ቦታው ነው፡፡

ወደ ወገኖቻችን ልመለስ፡፡ የክስ ወረቀት የተቀበለ ሰው የተለመደ ምላሹ «ምን አከራከረኝ፣ ልክፈልና ልገላገል» ነው፡፡ በሚኒሶታ ቅጣቱን መክፈል ግን ጥፋተኛ ነኝ ብሎ እንደማመን ይቆጠራል፡፡ የስኖውሞቢልን ሕግ መጣስ ደግሞ እስከ 90 ቀን እስርና እስከ 1,000 ዶላር ሊያስቀጣ በሚችለው የቀላል ወንጀል ምድብ ውስጥ ነው፡፡ እስር ቤት የሚገባ ጥቂት እንደሆነ እገምታለሁ፡፡ ነገር ግን የአሜሪካ ዜግነት የሚጠየቅበት ኤን-400 የተባለው ቅጽ አመልካቹ በሕግ አስከባሪ ተይዞ ወይም ተከሶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል፡፡ ቅጣቱን ከፍሎ የረሳው ሰው ከዓመታት በኋላ «የለም» ብሎ ምልክት ቢያደርግ፣ ከግዴለሽነቱ ይልቅ የሐሰት መልሱ ይጎዳዋል፡፡ ስለዚህ ወረቀቱን የተቀበለ ሰው ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት የተከሰሰበትን የሕግ አንቀጽ ያንብብ፤ ለአደጋ ተጋለጠ የተባለው ሰው ወይም ንብረት በወረቀቱ ላይ መጠቀሱን ይመልከት፤ ካልተጠቀሰ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው የጊዜ ገደብ ውስጥ ችሎት ይጠይቅ፡፡ የመንገዱንና የምልክቶቹን ፎቶግራፍ በዚያው ሳምንት ያንሳ፤ በረዶ ማስረጃ አያቆይም፡፡