ቀይ ወይን ፍሪጅ ይገባል

«ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም» የምትባል ሕግ አለች። ከሐረር ሸዋ በር ውጭ ባለችው ትንሽ ምግብ ቤቴ እኔም ለዓመታት አክብሬያታለሁ። ጉደሩም ሪፍት ቫሊውም ከቡና ማሽኑ ጎን መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ሙቀት ሲጠጡ ይውሉ ነበር። ሕጓን ያስጣለኝ አንድ ጃፓናዊ እንግዳ ነው።

ሰውየው ጀጎልን ሊያይ መጥቶ ምሳውን እኔ ዘንድ ይበላ ነበር። አንድ ቀን ከአገሩ ይዞት የመጣውን ጠርሙስ አበረከተልኝ። የወይኑ ዝርያ መስካት ቤይሊ ኤ ይባላል፤ ካዋካሚ ዜንቤይ የተባለ የኒጋታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1927 አዳቅሎ ያወጣው ነው። ያገራቸው ዝናብ ለወይን ስለማይመች፣ ገበሬው በየዘለላው ላይ የወረቀት ባርኔጣ ይደፋበታል አለኝ። ጫት እንዳይጠወልግ በቅጠል ጠቅልሎ የሚያሽሞነሙን አገር ሰው ነኝና አልሳቅሁም። ጠማቂው ደግሞ እርሾ አልጨመረበትም፣ አላጣራውም፣ ሰልፈርም አላስነካውም። ከፍሬው ልጣጭ ጋር በመጣው እርሾ ብቻ የፈላ ነው።

ጠርሙሱ ከድሬዳዋ በሙቀት፣ በጠመዝማዛው ዳገት እየተናጠ መጥቷል። እኛም ወዲያው ከፈትነው። አረፋ አወጣ፤ ብርጭቆው ውስጥ ድፍርስርስ አለ። አስተናጋጁ ጆሮዬ ስር ተጠግቶ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለ። ቀመስኩት፤ አልኮሉ አፍንጫዬን መታኝ፣ ኋላው ሆምጣጤ ሆምጣጤ አለኝ። እንግዳው ፈገግ ብሎ ክዳኑን መልሶ ገጠመና ፍሪጅ ውስጥ ቀጥ አድርገን እንድናቆመው ለመነን።

በማግስቱ ራሱ ቀስ ብሎ ቀዳው፤ ከታች ሁለት ጣት ያህል አስቀረ። መጀመሪያ እንጆሪ ሸተተኝ። ቀጥሎ የመጣውን ሽታ ግን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ የተሰጣ ጀንፈል! የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነልጣጩ ስለሚደርቅ፣ የውጭ ቀማሾች «ወይን ወይን ይላል» ሲሉት ኖረዋል። እኔ ደግሞ ወይኑን ቡና ቡና አለኝ አልኩ።

«በክፍል ሙቀት» የሚለው ምክር የመጣው ከአውሮፓ ቀዝቃዛ የድንጋይ ቤቶች ነው፤ 16 ወይም 18 ዲግሪ ቢሆን ነው። የድሬዳዋ ከሰዓት 30ን ያልፋል። ሐረር ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋሻ ናት፤ የቡና ማሽን ጎን ግን ሐረር አይደለም። እንዲህ ላለው ቀለል ያለ ቀይ 12 እስከ 14 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ይጮኻል።

ድፍርስነቱንስ ለምን ፈራነው? ጠጅ ቤት ገብተን «ደረቅ» ወይ «ለስላሳ» ብለን የምናዝ፣ አምቡላን በስሙ የምንጠራ ሰዎች ነን። በብርሌ ሲመጣ ያልነወርነው በጠርሙስ ሲመጣ ነውር ይሆናል? እርግጥ ነው፣ «ተፈጥሯዊ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሁሉ ደህና አይደለም። እናቴ ጠጅ ስትጥል የኮመጠጠባትን ትደፋው ነበር፤ ስም አታወጣለትም።

የጀጎል ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ ይህ ሁሉ ክርክር አይመለከታቸውም። እነሱ ሲመጡ አልኮል የሌለበት ሐረር ሶፊ አለ፤ እኔ እነሱ ቤት ስሄድ ደግሞ ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ ይቀርብልኛል።

አሁን ቀዩ ወይን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከሶፊው ስር ነው የሚተኛው። ሊቀዳ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ይወጣል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ደንበኛዬ ጠርሙሱን ዳስሶ «ምነው፣ ቀይ ወይን ታቀዘቅዣለሽ እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ጥብሱ እስኪደርስ ቅመሰው አልኩት። ሁለተኛ ብርጭቆ ሲያዝ አስተናጋጁን ጠርቶ «ከዚያው ከፍሪጁ» አለው።